መጀመሪያ «የት አስቀመጥኩት?» እናስተምር

በዛሬው እትም ሐሳቤን የምሰጠው ስለ ቤት ኮምፒውተር ነው።

በእኛ በጀልዴሳ ኮምፒውተር ያለበት ቤት ብዙ አይደለም። ባለበት ቤትም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌላው ቤተሰብ «አትንኩ፣ ይበላሻል!» እየተባለ ከሩቅ ያያል። አንድ ቀን ደግሞ ላስተምር ሲባል ጌም ወይም ታይፕ ይጀመራል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለጀማሪ መጀመሪያ ማስተማር ያለብን ፋይል ማስቀመጥና ያስቀመጡትን መልሶ ማግኘት ነው።

ለምን እንዲህ አልሽ ካላችሁኝ ምክንያቴን ልንገራችሁ። አክስቴ ትንሽ ሱቅ አላት። ትልቁ ልጇ የዱቤ መዝገቧን ኮምፒውተር ላይ ጻፈላት። የአያታችንንም ፎቶዎች ከስልክ ገለበጠላት። ከዚያ ለትምህርት ወደ ከተማ ሄደ። አክስቴ ኮምፒውተሩን መክፈት ትችላለች። ነገር ግን ሲከፈት «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2»፣ «ኒው ፎልደር 3» እያለ ይቀጥላል። መዝገቡ የትኛው ውስጥ ነው? ደውላ ስትጠይቀው እሱም ረስቶታል። ፋይሉ እኮ እዛው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው፤ ግን ማግኘት ለማይችል ሰው ከጠፋ በምን ይለያል? አሁን ዱቤውን እንደ ድሮው በደብተር ትጽፋለች። የአያታችንን ፎቶ ግን በደብተር መጻፍ አይቻልም።

ጀልዴሳ ድሮ ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚሄዱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት ቦታ ነበረች። ዕቃው እዚህ ከግመል ወርዶ፣ የሐረርን ዳገት ለመውጣት በበቅሎና በአህያ ይጫን ነበር። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ነው ንግዱ ወደዚያ የዞረው። እስቲ አስቡት፣ ያ ሁሉ ጭነት አንድ ሜዳ ላይ ተራግፎ የትኛው የማን እንደሆነ ባይታወቅ ነጋዴው ምን ይውጠው ነበር? የብዙ ቤት ኮምፒውተር አሁን እንደዚያ ሜዳ ነው።

እንግዲህ እንዴት እናስተምር? እኔ በሦስት ቀን ይበቃል እላለሁ።

በመጀመሪያው ቀን ጀማሪው ራሱ «ዶክዩመንትስ» ውስጥ ሦስት ፎልደር ይክፈት። ስማቸው ለእሱ የሚገባው ይሁን፤ «ሱቅ»፣ «ትምህርት»፣ «ፎቶ» ማለት ይችላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ የአማርኛ መጻፊያ ካለ የፋይል ስም በአማርኛ ይጻፋል። ኦሮምኛም ሶማሊኛም ይቻላል። ቀን ስትጽፉ ግን እዝባር (/) አታድርጉ፣ ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ አይቀበለውም። በእዝባር ፋንታ ሰረዝ አድርጉ። ከዚያ አንድ አጭር ጽሑፍ ጽፎ ሴቭ ያድርግ፣ ሁሉንም ይዝጋ፣ ራሱም ፈልጎ ይክፈተው። ካገኘው ተምሯል ማለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ኮፒና ከት ይለይ። ኮፒ ሲደረግ ፋይሉ ሁለት ቦታ ይሆናል፤ ከት ሲደረግ ግን ከነበረበት ይነሣል። ከዚያ ለመለማመጃ የጻፈውን ፋይል ሆን ብሎ ያጥፋና ከ«ሪሳይክል ቢን» ይመልሰው። እኔ በጣም የምወደው ትምህርት ይሄ ነው። ምክንያቱም ያጠፋውን ራሱ መልሶ ያየ ሰው ኮምፒውተር መንካት አይፈራም።

በሦስተኛው ቀን ስለ ፍላሽ ይማር። ከፍላሽ ላይ የጠፋ ፋይል ብዙውን ጊዜ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገኝም። ፍላሽም ቫይረስ ከቤት ወደ ቤት ይዞ ይዞራል። ስለዚህ የሚያሳዝነን ፋይል ሁሉ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሌላው ፍላሽ ላይ።

አስተማሪ የሚሆነው ልጅ ደግሞ አንድ ሕግ ያክብር። ማውሱን አይቀማ! «ቆይ እኔ ላሳይሽ» ብሎ በፍጥነት ጠቅ ጠቅ ማድረግ ማስተማር አይደለም፣ መሥራት ነው። እናቶቻችን ሲጠይቁ ቶሎ ሠርተን ስለምንሰጣቸው ነገም ያንኑ ይጠይቁናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?

አንዳንድ ተማሪዎች «ሰርች ማድረግ ይቻላል፣ ፎልደር ምን ያደርጋል?» ይሉኛል። ልክ ነው፣ ይቻላል። ግን ሰርች ለማድረግ ብዙውን ጊዜ ስሙን ማወቅ ያስፈልጋል። «ኒው 3» ተብሎ የተቀመጠን የዱቤ መዝገብ ማን ብሎ ይፈልገዋል? ሌሎች ደግሞ «ስልክ ላይ ማን ይሄን ተማረ?» ይላሉ። ስልክ ፎቶውን ራሱ ጋለሪ ውስጥ ያስቀምጥልናል። ለዚህ ነው ስልክ በደንብ የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተር ላይ ግራ የሚገባው።

«ቤታችን ኮምፒውተር የለም» የምትሉም አላችሁ። ካርቶን ግን አለ። በየትምህርቱ ካርቶን አዘጋጅቶ ስም ጽፎበት ደብተርና የፈተና ወረቀት መለየት ያው ፎልደር ነው። ይህ በእጅ የምንጽፈው መጽሔታችን እንኳ ወሩና እትሙ ተጽፎበት ይቀመጣል። አለዚያ የአምናውን ማን ያገኘው ነበር?

ስለዚህ መምህሮቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ትርጉሙን ከመጻፍ በተጨማሪ እያንዳንዳችን በስማችን አንድ ፎልደር ከፍተን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ራሳችን ፈልገን እንድናገኘው ይደረግልን። ቤታችሁ ኮምፒውተር ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ በዚህ እረፍት እናታችሁን ወይም ታናሽ እህታችሁን አስቀምጡና ማውሱን በእጃቸው ስጡ። እናንተ ቤት በሌላችሁበት ቀን ፋይሉን ራሳቸው ከከፈቱ አስተምራችኋል።

 

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል