ከአጣናነት ወደ ሰረገላነት

እንደ ሌላው የሸዋ ደጋ ሁሉ በመንዝ በሞላሌ ዙሪያም ባሕር ዛፍ የገበሬው ጥሪት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ማገዶ ሆኖ ነድዷል፤ ቋሚና ማገር ሆኖ ቤት አቁሟል፤ በአዲስ አበባም ለፎቅ ሠሪዎች መወጣጫ ሆኖ አገልግሏል። ይሁን እንጂ አብዛኛው በለጋነቱ በአጣና ስለሚሸጥ ለባለቤቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሕንፃውን ለሚሸከመው ብረት ግን የውጭ ምንዛሪ እናወጣለን።

የእንጨት ሊቃውንት እንደ ጥድ ያሉትን ዛፎች ለስላሳ፤ ቅጠለ ሰፊዎቹን ደግሞ ጠንካራ ይሏቸዋል። ባሕር ዛፍም ወይራም ከጠንካራው ወገን ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. ኦቶ ሄትሰር የተባለው ጀርመናዊ ሳንቃዎችን በሙጫ አጣብቆ ቆልማማ ሰረገላ የሚሠራበትን ጥበብ በስሙ አስመዘገበ። ሥራው ለብዙ ዘመን በለስላሳ እንጨት ላይ ያተኮረ ነበር። በ2014 ግን በዚያው በጀርመን የፖልማየር ፋብሪካ ቢች ከተባለው ጠንካራ ዛፍ ስስ ልጣጭ የተጣበቀ ሰረገላ ማምረት ጀመረ። በ2017ም በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ ለካንሰር ሕሙማን መርጃ የሚሆን ቤት ከአሜሪካ በመጣ ጠንካራ እንጨት ተሠራ።

ታዲያ ባሕር ዛፋችን ስለ ምን ወደ ኋላ ይቀራል? ጠባዩ አስቸጋሪ ስለ ሆነ ነው። ሲቆረጥ በውስጡ የታመቀው ውጥረት ግንዱን ይሰነጥቀዋል፤ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ጥቅጥቅ በመሆኑም ሙጫ በቀላሉ አይጠጣም። መድኃኒቱ ዛፉ እስኪወፍር መጠበቅ፤ በስሱ መሰንጠቅ፤ በማድረቂያ ቤት ቀስ ብሎ ማድረቅ፤ የተበላሸውን ጥሎ ጤነኛውን ማጣበቅ፤ በመጨረሻም የሚችለውን ሸክም በላቦራቶር መፈተን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በእርጥቡ የተጣበቀ ሳንቃም እንዲሁ ነው። ጠንካራ እንጨት ተፈለገ ተብሎም የተረፈው ወይራና ኮሶ ሊቆረጥ አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን መጠበቁ ነው። የሞላሌ ገበሬ ለጋውን ዛፍ የሚቆርጠው ዋጋውን ስቶ ሳይሆን የልጁ ትምህርትና የማዳበሪያው ዕዳ ቀን ስለማይሰጡት ነው። ስለዚህ ወጣቱ መሐንዲስ ስለ ሙጫው ሲያጠና፤ ወጣቱ ሹም ደግሞ በቆመ ዛፍ መያዣነት በኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ብድር የሚሰጥበትን መንገድ ቢያጠና፤ ሁለቱ በአንድ ሰረገላ ላይ ሠሩ ማለት ነው። ገበሬው ካልጠበቀ መሐንዲሱ የሚያጣብቀው ሳንቃ አያገኝምና።