ዓለቱ ካርታው ላይ ነበር

የእግር ኳስ አፍቃሪው ስለ ሸራ ጀልባ ሲነሳ «ምን አገባኝ?» ቢል አይፈረድበትም። ግን የቪዲዮ ዳኝነት ባስነሳው ጭቅጭቅ ለሰለቸ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም።

ቮልቮ ኦሽን ሬስ በጀልባው ስፖርት ከዓለም ዋንጫ የማይተናነስ ውድድር ነበር። ጀልባዎቹ ራዳሩም፣ ጂፒኤሱም፣ የሳተላይት መገናኛውም የተሟላላቸው ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከኬፕታውን ወደ አቡዳቢ ይበር የነበረው ቬስታስ ዊንድ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 2014 ምሽት ከሞሪሺየስ ሰሜን ምሥራቅ ባለው የካርጋዶስ ካራጆስ የኮራል ዓለት ላይ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወጥቶ ተሰቀለ። ዘጠኙ ተጓዦች ሌሊቱን ማዕበል ሲደበድባቸው አድሮ ጎህ ሳይቀድ ጀልባውን ጥለው ወጡ። አንድም ሰው አለመሞቱ ዕድል ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ጂፒኤሱ አልተሳሳተም፤ ጀልባው የት እንዳለ አሳምሮ ያውቃል። ዓለቱም ካርታው ላይ አለ። ነገር ግን የኤሌክትሮኒክ ካርታ ሰፊ ባሕር እንዲያሳይ ሲራቅ ዝርዝሩን ይውጠዋል። መንገድ መሪው ዋውተር ቨርብራክ ጋደም ከማለቱ በፊት ስክሪኑን ሲያይ ያገኘው 42 እና 80 ሜትር ጥልቀት ነበር። ቀረብ አድርጎ አላየውም። በ2015 የወጣው ገለልተኛ ሪፖርት ከአጠቃቀሙ ሌላ የካርታው አሠራርም ጉድለት እንዳለበት አመልክቷል። አዘጋጆቹም ቢሆኑ ጉዞው ሊጀመር ሲል የተከለከለውን ቀጣና ለውጠው ያንን መንገድ ከፍተዋል። ሁሉንም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ራዳሩስ?» የሚል አይጠፋም። ራዳር የሚያየው ከውኃ በላይ ያለውን ነው፤ ውኃ የሸፈነውን ዓለት አያውቀውም። ሸራው ነፋስ ሲሞላ ደግሞ ጀልባው ይጋደማል፣ ምሰሶው ላይ ያለው አንቴናም አብሮት ይጋደምና ጨረሩ በአንዱ ጎን ሰማይ፣ በሌላው ጎን ውኃ ይመታል። ባትሪም ይበላል። ኤአይኤስ የሚባለው መሣሪያ በበኩሉ የሚያሳየው ምልክት የሚያስተላልፍን መርከብ ብቻ ነው። መሣሪያውን ያጠፋ ወይም ጭራሽ የሌለው የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ለሱ የለም። ለጭጋግና ለድቅድቅ ሌሊት ራዳርን የሚተካው የለም፣ ይገዛ። ግን ትልቅ ስክሪን ከመግዛት በፊት ሙሉውን መንገድ ከመነሻው እስከ መድረሻው እያቀረበ የሚያይ ሰው ይመደብ። የወረቀት ካርታም ጠረጴዛው ላይ ይዘርጋ፤ የውድድሩ ሕግ አልከለከለውም ነበር። ቪዲዮው ኦፍሳይዱን ያሳያል እንጂ ፊሽካ አይነፋም።

ነገሩ የነጥብ ጉዳይ ብቻም አይደለም። በጃንዋሪ 2018 በሚቀጥለው ውድድር፣ ሆንግ ኮንግ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ሌላ የቬስታስ ቡድን ከዓሣ አጥማጆች ጀልባ ጋር በሌሊት ተጋጭቶ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሞቷል።

ዓለት ላይ የቀረው ጀልባ ግን ተነስቶ፣ ጣሊያን ውስጥ እንደገና ተሠርቶ በጁን 2015 ከሊዝበን ውድድሩን ተቀላቀለ።