እከክልኝ ልከክልህ በሊንክ

ትናንት ማታ ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ተባረርኩ። ዌብሳይት ያለን ሰዎች የምንሰባሰብበት ግሩፕ ነው። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ «የኔን ሊንክ ሳይትህ ላይ ለጥፍ፣ ያንተን እለጥፋለሁ»። የተባረርኩት ሰው ሁሉ ፊት «ይሄ ኩረጃ ነው» ስላልኩ ነው። አድሚኑ «ቲቸር፣ እዚህ ክፍል ውስጥ አይደለህም» አለና አስወጣኝ። እዚያ ያላስጨረሱኝን እዚህ በራሴ ገጽ ልጨርሰው። ረዘም ይላል፣ ቡና ያዙ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። እኔም አንዱ ነበርኩ። አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት የአይሲቲ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ በአማርኛ አጫጭር ማስታወሻ የምለጥፍበት ትንሽ ሳይት አለችኝ። ስጀምር ሐሳቤ ንጹህ ነበር። ከዚያ አንድ ወዳጄ «የሳይትህ ነጥብ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ነጥብ መኖሩንም አላውቅም ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ሆነ። ከ11 ወደ 14 የወጣ ቀን ፊቴ በርቶ ባለቤቴ «ደሞዝ ገባ እንዴ?» አለችኝ። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ የጻፍኩት አዲስ ማስታወሻ ስንት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ዜሮ። ማታ ማታ ሊንክ ስለዋወጥ ነበር የማመሸው። ሳይቴ ግርጌ ላይ «ወዳጆቻችን» የሚል ርዕስ ሰጥቼ 41 ሊንክ ደረደርኩ። ካርጎ፣ የፀጉር ቅባት፣ የመኪና ሽያጭ፣ የጤና ምክር። ግማሾቹን ከፍቼ እንኳን አላየኋቸውም።

አንድ ቀን የ10ኛ ክፍል ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ተከትሎኝ መጣና «ቲቸር፣ እርስዎም ቤቲንግ ይጫወታሉ እንዴ?» አለኝ። ስልኩን አሳየኝ። ያ «የጤና ምክር» የነበረው አድራሻ ውስጡ ተቀይሮ የእግር ኳስ ውርርድ ሆኗል። ይሸጥ ይቀየር እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ሊንኩ ግን የኔ ገጽ ላይ፣ የባይነሪ ቁጥር ማስታወሻ ሥር ተቀምጧል። ልጁ ለመጽሐፍ ኮፒ የተሰጠውን 300 ብር እዚያ አስበልቷል። «የቲቸር ሳይት ላይ ስላለ ደህና ነገር መስሎኝ ነው» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ብሩን ሰጠሁት። እሱም አልተቀበልም ብሎ አስቸገረኝ።

ልጁ የተናገረው ነገር፣ ሳያውቀው፣ የጉግልን አሠራር ነው። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፍ ያቀረቡት ሐሳብ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጅ ናቸው) ይኸው ነው፦ አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ካደረገ መሰከረለት ማለት ነው። ምሁር የምሁርን ሥራ እንደሚጠቅሰው። የመስካሪው ክብደት ደግሞ እሱ ራሱ ስንት መስካሪ እንዳለው ይወሰናል። ስሙንም ፔጅራንክ አሉት። እንግዲህ ምስክርነት ነው ካልን፣ ያላየሁትን 41 ጊዜ መስክሬያለሁ። በፍርድ ቤት ቢሆን የሐሰት ምስክር ይባላል።

«ባክህ ስሜት ተወው፣ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ፣ ሒሳቡን እንሥራ። ደብተር አውጡ።

በመጀመሪያው ቀመር ማንም ሊንክ የማያደርግላት ገጽ 0.15 ታገኛለች። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ገጽ ካለው ነጥብ 0.85 እጁን ሊንክ ላደረገላቸው እኩል ያከፋፍላል። አሁን ሁለት ሰዎች ብቻ ቢለዋወጡ፣ የእያንዳንዳቸው ነጥብ 0.15 ሲደመር የጓደኛው 0.85 እጅ ነው። ፍቱት፤ መልሱ 1 ይመጣል። ከ0.15 ወደ 1! አንድ ቃል ሳይጽፉ፣ አንድ አንባቢ ሳይጨምሩ። ሰው ያበደው በዚህ ነው፤ በእርግጥም በቀመሩ ላይ ይሠራል።

ቆይ ግን። አሁን 40 ሳይቶች ሁሉም ለሁሉም ሊንክ ያድርጉ። እያንዳንዱ ነጥቡን ለ39 ይከፍላል፣ ከ39 ደግሞ ይቀበላል። ፍቱት። መልሱ አሁንም 1 ነው! 38 ሰው ስትጨምሩ የተጨመረላችሁ ነገር ባዶ ነው። ያ ሁሉ «ግሩፑን እናሳድግ፣ ሰው አድ አድርጉ» የሚባለው ለምንድን ነው ታዲያ? ምክንያቱማ ከአርባው አንዱ ከውጭ እውነተኛ ሊንክ ያለው ከሆነ የሱ ነጥብ ለሌሎቹ ይንጠባጠባል። የቡድን አሳይመንት ማለት ነው፦ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ ሌላው ስሙን ይጽፋል። ጎበዙ አንተ ከሆንክ ከሳሪው አንተ ነህ። ሰነፉ አንተ ከሆንክ... እሱን ለራስህ።

ጉግልም ቢሆን ዝም ብሎ አላየም። መምህር አንድ ዓይነት ስህተት በሁለት ወረቀት ላይ ሲያይ ወዲያው ይገባዋል አይደል? እነሱም እንደዚያው። በ2012 ሚያዝያ ፔንግዊን የተባለውን ማስተካከያ ሲለቁ በገዛ ሊንክና በልውውጥ የወጡ ሳይቶች እንደ ጎርፍ ወረዱ። ዛሬም የጉግል ደንብ ውስጥ ለደረጃ ተብሎ የሚደረግ የበዛ የሊንክ ልውውጥ በስሙ ተጠርቶ ተከልክሏል። «እኛ ትንንሾች ነን፣ ማን ያየናል» የሚል አለ። ጄሲ ፔኒ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ የሱቅ ድርጅት በ2010 የገና ገበያ ሰሞን «ቀሚስ» ብሎ ለሚፈልግ ሁሉ አንደኛ ላይ ይመጣ ነበር፤ ከቀሚስ ጋር የማይገናኙ በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ሊንክ አድርገውለት። በ2011 የካቲት ኒውዮርክ ታይምስ ሲያጋልጠው ጉግል ከላይ አውርዶ ወረወረው። እነሱ ሌላ መሸጫ አላቸው፣ ተረፉ። ያንተ ሳይት ግን ሌላ ምን አለው?

የነጥቡ ነገር ደግሞ ከልውውጡ ይብሳል። ጉግል በ2000 መጨረሻ ብሮውዘር ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ ሲያወጣ የየገጹን ፔጅራንክ ከ0 እስከ 10 አድርጎ ለሕዝብ አሳየ። አለቀ! ገበያ ሆነ። ሰርችኪንግ የሚባል የኦክላሆማ ድርጅት በዚያ ነጥብ እየተመነ ሊንክ ይሸጥ ነበር። በ2002 ነጥቡ ከ8 ወደ 4 ወረደበት፣ ጉግልን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ በ2003 ክሱን ዘጋው፦ ፔጅራንክ የጉግል አስተያየት ነው፣ አስተያየት መስጠት ደግሞ በሕግ የተጠበቀ ነው ብሎ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሰዎች ኑሯቸውን የመሠረቱበት ቁጥር የሌላ ሰው አስተያየት ነበር። ጉግል ራሱ እንኳን በ2009 የጃፓን ገጹ ለብሎገሮች ገንዘብ ከፍሎ አስጽፎ ሲገኝ የራሱን ገጽ ከ9 ወደ 5 አውርዷል። በ2016 ደግሞ ነጥቡን ለሕዝብ ማሳየቱን ጨርሶ ተወው።

ታዲያ ዛሬ በግሩፑ ውስጥ «ነጥቤ 30 ደረሰ» እያላችሁ ስክሪንሾት የምትለጥፉት ምንድን ነው? ዶሜይን ኦቶሪቲ። ከ1 እስከ 100 ያለው። የሚያወጣው ሞዝ የሚባል ሌላ የግል ኩባንያ ነው፤ ጉግል ደረጃ ሲሰጥ አይጠቀምበትም። የሌላ ትምህርት ቤት መምህር የኔን ተማሪ በሩቅ አይቶ «ይሄ 70 ሳያመጣ አይቀርም» እንደማለት ነው። ግምቱ ሊቀርብ ይችላል፣ ካርድ ላይ ግን አይጻፍም። ይህን ግምት ለማሳደግ ብር የሚከፍል ሰው አለ። እኔም 2,500 ብር ከፍያለሁ፣ ተደብቄ። ባለቤቴ ይህን ካነበበች ይቅርታ።

አሁን ኮመንት ላይ «ዲፕሎማ ይዘህ ስለ ጉግል ታስተምረናለህ» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ና፣ ቀመሩን ስህተት አውጣለት፣ ዲፕሎማዬን እመልሳለሁ።

ሌላው «ያለ ሊንክ ማን ያገኘናል?» የሚለው ነው። ይሄኛው እውነት አለው፣ አልክድም። የጉግል ሮቦት አዲስ ገጽ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ሊንክ ተከትሎ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ባልደረባዬ የሰንሰለት ምላሽን በአማርኛ ጥሩ አድርጎ ጽፎታል፤ እኔ ከገጼ ወደሱ ሊንክ አድርጌያለሁ፣ እሱ ለኔ አላደረገም፣ አልጠየቅሁትምም። ልጆቹ እንዲያነቡት ስለፈለግሁ ነው። ሊንክ ማለት ይሄ ነው። እኔ የተጣላሁት ሳያነቡ ከመመስከር ጋር ነው።

ደግሞ በአማርኛ እኮ ገና ብዙ ሥራ አለ! ተማሪዬ «ፀሐይ»ን ሲፈልግ አንዴ «ጸሀይ» ብሎ፣ አንዴ «ፀሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ ሞክሬ አይቻለሁ፣ የሚመጣለት ውጤት አንድ አይደለም። ሌላው ልጅ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል። የሚያገኙት ምንድን ነው? አንድ ጽሑፍ፣ ስህተቱ ሳይቀር፣ በሰባት ሳይት ተቀድቶ። ሰባቱም እርስ በርስ ሊንክ ተደራርገዋል። ከሰባቱ አንዱ «ሎጋሪዝም»ን በትክክል ቢያስረዳ ኖሮ ያ ልጅ ማታ አይቸገርም ነበር። አንድ ማስታወሻ ለመጻፍ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ሊንክ ስለዋወጥ ያመሸሁበትን ሁለት ወር ሳስበው ያመኛል።

ትናንት ከግሩፑ ከወጣሁ በኋላ ቁጭ ብዬ «ወዳጆቻችን» ያልኩትን አንድ በአንድ ከፈትኩት። ከ41 ውስጥ 9ኙ ጭራሽ አይከፈቱም። 3ቱ ቤቲንግ ሆነዋል፣ አንዱ ብቻ መስሎኝ ነበር። አንብቤ የወደድኩት 2 ብቻ ነው፤ እነሱን ትቼ ሌላውን አጥፍቻለሁ። ከጠፉት ውስጥ ያላችሁ እዚህ አላችሁ፣ አውቃለሁ። የኔንም ከናንተ ላይ አጥፉት፣ አልቀየምም። የምታስነብቡኝ ነገር ካላችሁ ግን በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አነበዋለሁ። ጥሩ ከሆነ ሳትጠይቁኝ ሊንክ አደርጋለሁ።

ነጥቤ ዛሬ ጠዋት ስንት እንደሆነ አላየሁም። እሺ፣ አይቻለሁ። 12።