የሻጭ አፍ የገዢ ዐይን ነው

የመንግሥት ሠራተኛ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር ጓዙን ሁሉ ተሸክሞ አይሄድም፤ አልጋውን፣ ምጣዱን፣ አንዳንዴም መላጫውን ለሚቀሩት ይሸጣል። በእንዲህ ያለው ሽያጭ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቸል የምንለው ነገር አለ፤ ይኸውም የዕቃውን እንከን አስቀድሞ መናገር ነው።

እኛም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለንም። ከአዋሽ ወደ ሰመራ በተዛወርን ጊዜ በእጀታው ውስጥ የሚታጠፍ አሮጌ ምላጭ ነበረን። ስለቱ ወደ ጫፉ አጠገብ ጥቂት ተሸርፎ ነበር። አንድ አዲስ ተቀጣሪ ጸሐፊ፦ «ጋሼ፣ ደኅና ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን፣ ለብዙ ዓመታት የተላጨንበት መሆኑን ብቻ ነገርነው። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን በሽርፈቱ በኩል ጉንጫችንን እንደማናስነካው አልነገርነውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ይኸው ወጣት በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ለሥራ ሰመራ ሲመጣ ከአገጩ በታች ጠባሳ አየንበት። በአዋሽ ሸለቆ ሙቀት ላብ በቁስል ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። እርሱ ግን «እጄ ስላልለመደ ነው» ሲል ጥፋቱን በራሱ ላይ አደረገ። ከዚህ የከፋ ወቀሳ ደርሶብን አያውቅም። እውነቱን ነግረን ገንዘቡን መለስንለት፤ ጠባሳውን ግን መመለስ አልቻልንም።

አንዳንዶች «ገዢ ዐይን አለው፤ አይቶ ይግዛ» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ ዝገትና የእጀታ መሰንጠቅ ይታያል። ነገር ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ፣ ወይም በሚሽከረከር መሞረጃ ላይ ግሎ ጥንካሬውን ያጣ ብረት፣ ተወልውሎ ሲያብረቀርቅ በማን ዐይን ይለያል? ምላጩ በስንት ሰው ፊት ላይ እንደ ዋለስ ማን ያያል? ጉበትን የሚጎዳው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ለዐይን በማይታይ ጥቂት ደም እንኳ ይተላለፋል። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሻጩ ብቻ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል። «ዋስትና የለብኝም» ብሎ ቢዋዋል እንኳ፣ ጉድለቱን በተንኮል ሸሽጎ ከሆነ ውሉ አያድነውም። በአንጻሩ ገዢው ጉድለቱን ዐውቆ ከገዛ በዚያ ጉድለት ሻጩን መጠየቅ አይችልም። እንግዲህ እውነትን መናገር ሻጩንም የሚጠብቅ ጋሻ ነው።

ነገር ግን ስለ አንድ ምላጭ ዋጋ ፍርድ ቤት የሚቆም ማን ነው? ጉዳዩ ለኅሊና የተተወ ነው። ተማሪውና ወጣቱ ሠራተኛም ሊያስቡበት የሚገባው ስለዚህ ነው፤ ዛሬ የምላጭ ሽርፈት መሸሸግ የለመደ እጅ፣ ነገ በተሰነጠቀ ድልድይ ላይ «ደኅና ነው» ብሎ ይፈርማል።

ስለዚህ ምላጩን ለገዢው በብርሃን ላይ እናሳየው፤ የት እንደ ተሸረፈ፣ እነማን እንደ ተላጩበት፣ ለምን እንደምንሸጠው እንንገረው። ዋጋው ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ ሰውየውን ግን በየትኛውም ከተማ ብናገኘው ፊቱን ለማየት አናፍርም።