ለልጆቻችን የመውደቂያ ሜዳ እንስጣቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ይህ የአንባብያን አምድ ስለ ደመወዝ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ መብራት ብዙ ቁም ነገር ሲነገርበት የኖረ ስለሆነ፣ ዛሬ እኔ ስለ አንድ የልጆች ጨዋታ ልጽፍ ስነሣ «መምህሩ ሥራ ፈታ እንዴ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገር ግን ጨዋታው የልጆች ቢሆንም ጉዳዩ የአዋቂዎች ነው። በተለይም ማታ ከመሥሪያ ቤት ደክመን ስንገባ ልጆቻችንን በቴሌቪዥን ፊት ተተክለው የምናገኝ የመንግሥት ሠራተኞችን ሁሉ ይመለከታልና ጥቂት ቦታ እንዲሰጡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅቴ ልጅ እዚህ መቀሌ ከእኔ ዘንድ ተቀምጦ ይማራል። ዕድሜው 17 ዓመት ሲሆን የሚማረው ግን ገና 9ኛ ክፍል ነው። ይህም የስንፍናው ምልክት አይደለም። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና በሽታ ምክንያት ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ መጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ተፈርሞ፣ ከዚያም ትምህርት ቤቶች ቀስ በቀስ እስኪከፈቱ ድረስ ልጁ ሦስት ዓመት ያህል ከክፍል ውጭ ቆየ። እንደ እርሱ ያሉ ልጆች በማስተምርባቸው ክፍሎች ውስጥ ብዙ ናቸው። ጢማቸው ማቀምቀም የጀመረ ወጣቶች በጣም ከሚያንሷቸው ሕፃናት ጋር በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይማራሉ።

በውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ለዚህ ልጅ አዝኖ ፕሌይስቴሽን የሚባለውን የቤት ውስጥ የጨዋታ መሣሪያ ላከለት። ሒሳብ እየተከፈለ ይህ መሣሪያ የሚያጫውትባቸው ቤቶች በየሰፈሩ ስላሉ የእግር ኳሱን ጨዋታ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ይህኛው ግን ሌላ ነው። ስሙ ቶኒ ሆክ ፕሮ ስኬተር ይባላል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ወጣት አራት ትናንሽ መንኮራኩሮች ባሉት ሳንቃ፣ ማለትም ስኬትቦርድ በሚባለው ላይ ቆሞ ይንሸራተታል፤ ደረጃ ይዘላል፤ በብረት አጥር ላይ ይሳባል፤ በአየር ላይ ይሽከረከራል። አንዱ ዙር የሚፈጀው ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጣቱ ያልሠለጠነ ተጫዋች አሥር ጊዜ ይወድቃል፤ አሥር ጊዜም ይነሣል።

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ መሣሪያውን ጠልቼው ነበር። ሦስት ዓመት የትምህርት ዘመን የጠፋበት ልጅ ሌላ ሰዓት እንዴት ያጠፋል? እያልኩ እብሰለሰል ነበር። አንድ ሌሊት ከመኝታዬ ተነሥቼ ገመዱን ከግድግዳው ልነቅል ወደ ሳሎን ስገባ ልጁ አላየኝም። ከኋላው ቆሜ ተመለከትሁት። አንድ ከፍ ያለ ግድግዳ ለመዝለል ሲሞክር ወደቀ፤ እንደገና ሞከረ፤ ወደቀ። ከመምህርነት ልማዴ የተነሣ መቁጠር ጀመርሁ። ሠላሳ አንድ ጊዜ ወድቆ በሠላሳ ሁለተኛው ተሻገረ። አልተሳደበም፤ ጆይስቲኩንም አልወረወረም። በወደቀ ቁጥር እግሩን የት እንዳሳተ ለራሱ በሹክሹክታ እየነገረ ደግሞ ይጀምር ነበር። ገመዱን ሳልነቅል ተመለስሁ።

በማግሥቱ ይኸው ልጅ በሒሳብ ክፍለ ጊዜዬ ላይ ተቀምጧል። አንድ የክፍልፋይ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ጻፍሁና ጠመኔውን ዘረጋሁለት። አልነሣም አለ። ጥያቄው ትናንት ሌሊት ከዘለለው ግድግዳ የሚበልጥ አልነበረም። ማታ ቤት ስንገናኝ ምክንያቱን ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «አኮይ» አለኝ፤ በእኛ አገር የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው፤ «እዚያ ብወድቅ የሚስቅብኝ የለም።»

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። ልጁ በክፍል ውስጥ ቢሳሳት የሚስቁበት በዕድሜ የሚያንሱት ልጆች ናቸው። እኛስ መምህራኑ? «አንተ ትልቅ ሰው፣ ይህ ጠፍቶህ አታፍርም?» ማለት በክፍል ውስጥ የተለመደ ነገር ነው። እኔም ብዬዋለሁ። ይህንን ስጽፍ እያፈርሁ ነው። በቀይ ቀለም የምናሰምርበት ስሕተት ለተማሪው እንደ ፍርድ ይታየዋል እንጂ እንደ ሌላ ሙከራ መጀመሪያ አይታየውም። መሣሪያው ግን ሠላሳ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ሠላሳ አንድ ጊዜ «በል እንደገና» ይለዋል። ልጆቻችንን መሣሪያው ነጠቀን ከማለታችን በፊት፣ እኛ የነፈግናቸውንና እርሱ የሰጣቸውን ነገር መመርመር ይገባናል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተማርሁበት ዘመን አንድ ሸምገል ያሉ ካህን መምህር ነበሩን። ከትምህርት በኋላ ቀሚሳቸውን ወደ መቀነታቸው ሰብስበው ከእኛ ጋር ኳስ ይጫወታሉ፤ ብዙ ጊዜም በአቧራው ላይ ይወድቃሉ። እንስቃለን፤ እርሳቸውም ከእኛ ጋር ይስቃሉ። በማግሥቱ በክፍል ውስጥ ስሕተት ስንሠራ የማንፈራው ለምን እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። የሚያከብሩትን ሰው ወድቆ ሲነሣ ያየ ልጅ መውደቅን እንደ ውርደት አይቆጥረውም።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከልጁ አጠገብ ተቀምጬ ጆይስቲኩን ተቀበልሁ። እንዴት እንደወደቅሁ አልናገርም። ልጁ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያም ትዕግሥት ባለው አነጋገር ያስተምረኝ ጀመር። በዚያው ዕለት ስምምነት አደረግን። በትምህርት ቀን አሥራ አምስት ዙር፣ ማለትም ግማሽ ሰዓት፤ ያውም የቤት ሥራ ካለቀ በኋላ ሆነ። እኔም በበኩሌ በክፍሌ ውስጥ አንድ ሕግ አወጣሁ፤ በሰሌዳ ላይ የሚሠራ ሥራ ውጤት አይያዝበትም፤ የሚስቅም በተራው ይወጣል። ልጁ በክፍልፋይ ዛሬም ደካማ ነው። ነገር ግን ጠመኔውን ይቀበላል፤ ሲሳሳትም ከሰሌዳው ሳይሸሽ ስሕተቱን ይፈልጋል። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የጨዋታውን ጉድለት ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማሳሳት ይሆንብኛል። በመስኮት ላይ የወደቀ ሰው ጉልበቱ አይላጥም። ወዲያው ብድግ ይላል፤ የሚያነሣው ጓደኛም አያስፈልገውም። የጨዋታው ባለስም የሆነው አሜሪካዊው ቶኒ ሆክ ራሱ ሁለት ዙር ተኩል በአየር ላይ ተሽከርክሮ ማረፍን ለዓመታት ሲሞክር ኖሮ የተሳካለት እ.ኤ.አ. በሰኔ 1999 በሳን ፍራንሲስኮ ውድድር ላይ ነበር። በዚያችም ዕለት ደጋግሞ ወድቆ፣ የውድድሩ ሰዓት ካለቀም በኋላ ሳያቆም ነው ያገኘው። ጨዋታው ለገበያ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። እንግዲህ ልጆቻችን በጣታቸው ብቻ የሚያደርጉት ነገር ከበስተጀርባው እውነተኛ ሰውነት፣ እውነተኛ ሕመምና እውነተኛ ሜዳ አለው ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። የእኅቴ ልጅና ጓደኞቹ በመስኮት ያዩትን በእግራቸው ለመሞከር ፈለጉ። ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመው በሳንቃ ሥር መቱና አንድ እሑድ ጠዋት በሰፈራችን የአስፋልት ቁልቁለት ላይ ወጡ። አንዱ ከባጃጅ ጋር ለጥቂት ሳይጋጭ ቀረ። ተቆጥቼ ሳንቃውን ወሰድሁባቸው። «ታዲያ የት እንጫወት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን በብዙ ቦታ ኮብልስቶን የተነጠፈ ነው። ለእግረኛም ለጋሪም መልካም ሆኖ ሳለ፣ በየድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ትንሿን መንኮራኩር ይይዛታል። የቀረው አስፋልቱ ነው፤ እርሱ ደግሞ የመኪና ነው።

መንኮራኩር ለመቀሌ ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማችን የብስክሌት ከተማ ናት። እዚሁ ተወልዶ ያደገው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. በፈረንሳዩ የቱር ደ ፍራንስ ውድድር ላይ የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቅቷል። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ግቢ ውስጥ የስኬትቦርድ ሜዳ ተሠርቷል። «ኢትዮጵያ ስኬት» በሚል ስም የተሰባሰቡ ወጣቶች፣ «ሜክ ላይፍ ስኬት ላይፍ» ከተባለው የውጭ አገር ድርጅትና ከልዩ ልዩ አገሮች ከመጡ በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው ሲሚንቶውን በእጃቸው አቡክተው ነው የሠሩት። በኋላም ልጃገረዶች በ2012 ዓ.ም. ገደማ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በዚያ ሜዳ ላይ መማማር ጀምረዋል። ይህ የዱርዬ ጨዋታ ነው የሚል ካለም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ በተደረገው ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የውድድር ዓይነት ሆኖ መግባቱንና በሴቶች የጎዳና ውድድር ወርቁን የወሰደችው ሞሚጂ ኒሺያ የተባለች የ13 ዓመት ጃፓናዊት መሆኗን ላስታውስ እወዳለሁ።

«ቤታቸው ያልተመለሱ ተፈናቃዮች እያሉ፣ ስንት የፈረሰ ሳይጠገን ስለ መንሸራተቻ ታወራለህ?» የሚለኝ ሰው ቢኖር ክርክሩ ከባድ መሆኑን አምናለሁ። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ከሜዳው ይቀድማል። ዳሩ ግን እኔ የምጠይቀው የስታዲየም ያህል ነገር አይደለም። የአንድ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ስፋት ያለው ልሙጥ ሲሚንቶና አንድ ሁለት ተዳፋት ግንብ ይበቃል። በድንጋይ ጠራቢና በግንበኛ ለታወቀች ከተማ ይህ ብርቅ ሥራ አይደለም። ወጣቶቹም ለጉልበቱ ዝግጁ ናቸው። ከጣሪያው ጋር ልጁም መጠገን አለበት። በጦርነት ውስጥ ያደገ ልጅ መውደቅን የሚያውቀው እንደ ጥፋት ብቻ ነው፤ ወድቆ መነሣትን የሚለማመድበት ስፍራ ያስፈልገዋል።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ወላጆች መሣሪያውን ከመስበራችን ወይም ከመሸጣችን በፊት አንድ ምሽት ከልጆቻችን ጋር ተቀምጠን እንጫወት፤ ከዚያ በኋላ በዙር ቆጥረን ልክ እናብጅለት። ልክ የሌለው ጨዋታ ጎጂ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን አብሮ የተጫወተ ወላጅ የሚያወጣውን ሕግ ልጅ ይሰማል። ሁለተኛ፣ እኛ መምህራን፣ ይልቁንም ዕድሜያቸው የገፋ ተማሪዎችን የምናስተምር፣ በየክፍላችን ያለ ቀይ ቀለም የሚሳሳቱበት ሰዓት እንስጣቸው። ሦስተኛ፣ የከተማችን ባለ ሥልጣኖች ከወጣቶች ማዕከላት በአንዱ ግቢ ውስጥ፣ ወንዶችም ሴቶችም የሚጫወቱበት፣ ባጃጅ የማይገባበት አንድ ልሙጥ ሜዳ እንዲያስቡልን እጠይቃለሁ። የአዲስ አበባዎቹ ወጣቶች መንገዱን አሳይተዋልና ምክር ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

የወሰድሁት ባለ ኩሽኔታ ሳንቃ ዛሬም ከመኝታ ቤቴ በር ኋላ ቆሟል። ልጁ አልጠየቀኝም፤ እኔም ልመልስለት አልደፈርሁም፤ የት ላይ ይንሸራተትበታል? የሚመለከታቸው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ከእኔ ጋር ተካፍለው መልስ እንዲፈልጉላት በማክበር አሳስባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከመቀሌ