ሲዲው ላይ ያልተጻፈው ስም

ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀመጥ እኔ ከኋላው ወንበር ስቤ ተመልካች ነበርኩ። (ማውሷን የመንካት መብት አልነበረኝም፤ ቂሙ እስካሁን አለ።) ጨዋታው ሬድ አለርት ነው። አንስታይን በጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ሂትለርን ያስወግዳል፤ ሂትለር በሌለበት ደግሞ ስታሊን አውሮፓን ይወራል። ኮፒ ሲዲው ላይ በማርከር የተጻፈው የጨዋታው ስም ብቻ ነበር። ማን ሠራው? ማን ጠይቆ!

እኔ አሁን ጠየቅሁ። ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ጽሑፍ ሲያይ መጀመሪያ የጸሐፊውን ስም ይፈልጋል፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

የሠሩት ዌስትዉድ ስቱዲዮስ ይባላሉ። ብሬት ስፔሪ እና ሉዊስ ካስል እ.ኤ.አ. በ1985 ላስ ቬጋስ ውስጥ ያቋቋሙት ነው። በ1992 ዱን 2ን አወጡ። ሀብት ትለቅማለህ፣ ካምፕ ትገነባለህ፣ ታንክ ታመርታለህ፤ ጠላትህም ተራ ሳይጠብቅ በዚያው ሰዓት ይመጣብሃል። ዛሬ «ስትራቴጂ ጌም» ስንል ትዝ የሚለን መልክ በብዛት የተቀዳው ከዚህ ነው። በ1995 ኮማንድ ኤንድ ኮንከር፣ በ1996 ሬድ አለርት ተከተሉ። ኬን የተባለውን መላጣ ክፉ ሰው የሚተውነው ጆሴፍ ኩካን እንኳ የዚያው ቤት ሰው ነው፤ ቪዲዮዎቹን ዳይሬክት የሚያደርገውም እሱ ነበር።

በ1998 ኤሌክትሮኒክ አርትስ (ኢኤ) ዌስትዉድን ከሌሎች የቨርጂን ኢንተራክቲቭ ንብረቶች ጋር ጠቅልሎ በ122.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2003፣ ዘጋው።

«ኢኤ ገደለው» የሚለው ፍርድ የተለመደ ነው። እኔ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። በ2002 የወጡት ሬኔጌድ እና ኧርዝ ኤንድ ቢዮንድ የተጠበቀውን ያህል አልሆኑም። ሁለተኛው በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ስለነበር በ2004 ሰርቨሩ ሲዘጋ ከፍለው የገዙት ሰዎች እጅ ላይ ባዶ ሣጥን ቀረ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው እንጂ ድርጅት መክሰሩማ ያለ ነው።

ሠራተኞቹ ሎስ አንጀለስ ኑ ተባሉ። ብዙዎቹ እምቢ አሉ፤ ከፊሎቹም በዚያው ዓመት እዚያው ላስ ቬጋስ ፔትሮግሊፍ የተባለ ስቱዲዮ መሠረቱ። የፈጠሯቸውን ጨዋታዎች ስም ግን ይዘው መውጣት አልቻሉም፤ ስሙ የገዢው ነው። ሕግ ነው ትሉኛላችሁ፤ አዎ ነው። ታዲያ ኢኤ የድሮዎቹን ጨዋታዎች አድሶ በ2020 ሲያወጣ ሥራውን ለማን ሰጠ? ለፔትሮግሊፍ! ስሙ አንድ ቤት፣ ሙያው ሌላ ቤት ነበር ማለት ነው።

ላመስግንም፦ ኢኤ በ2020 የሁለቱን ጨዋታዎች ኮድ በከፊል፣ በ2025 ደግሞ ሬኔጌድን ጨምሮ የበርካታ ጨዋታዎችን ኮድ ለሕዝብ ለቋል። ግን ይህ የኩባንያ በጎ ፈቃድ መሆን የለበትም። ስቱዲዮ የዘጋ ገዢ በተወሰነ ዓመት ውስጥ ኮዱን የመልቀቅ፣ የሠሪዎቹንም ስም ከፊት የመጻፍ ግዴታ ይኑርበት ባይ ነኝ። (ኮፒ ሲዲ ላይ ያደግን ልጆች ይህን ለመጠየቅ ምን አፍ አለን? ልክ ነው፤ እኛም ስሙን ካጠፉት ውስጥ ነን።)

ባለፈው ሳምንት ፍራንክ ክሌፓኪ ለሬድ አለርት የሠራውን «ሄል ማርች» ለወንድሜ ከፈትኩለት። የወታደር ቡቱ ድምፅ ገና ሲሰማ ፊቱ በራ።

«ማን ነው የሠራው?» አልኩት።

«ኢኤ ነዋ!»