ሎሚ ውፍረትን ይቀንሳልን?

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አንድ ልማድ ተስፋፍቷል። ቦርጩ የከበደው ሁሉ ማለዳ ተነሥቶ ሎሚ በሙቅ ውሃ ይጠጣል፤ «ስብ ያቀልጣል» ተብሎ ተነግሮታልና። አንድ የሥራ ባልደረባዬም ይህንኑ አምኖ ቁርሱንና ምሳውን በሎሚ ውሃ ተካ። ማታ ግን ረኀቡ ስለሚበረታበት የሁለት ሰው ራት ይበላ ነበር። ከወር በኋላ ትርፉ የጨጓራ ሕመም ሆነ፤ ቦርጩ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

እንግዲህ እውነቱ ምንድን ነው? ሎሚም ሆነ ብርቱካን በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ስብ የሚያቀልጥ ኀይል የለውም። ሰው የሚከሳው በምግብ ከሚያስገባው ጉልበት ይልቅ በሥራና በእንቅስቃሴ የሚያወጣው ሲበልጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ «የሆሊዉድ አመጋገብ» የሚባል ዘዴ ተነሥቶ ነበር፤ በየማዕዱ ግሬፕ ፍሩት የተባለውን መራራ የብርቱካን ዘመድ መብላት ያዝዛል። በዚህ ዘዴ የከሱ ሰዎች አልታጡም፤ ይሁን እንጂ ያከሳቸው ፍሬው ሳይሆን ከፍሬው ጋር የታዘዘላቸው እጅግ ያነሰ ምግብ ነው።

ይህን ማለቴ ፍሬውን ለማጣጣል አይደለም፤ ክብሩ በሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለ ስኮትላንዳዊ የመርከብ ሐኪም ድዳቸው የሚደማ መርከበኞችን በልዩ ልዩ ነገር ሲያክም፣ ፈጥነው የተሻላቸው በየቀኑ ሁለት ብርቱካንና አንድ ሎሚ የተሰጣቸው ነበሩ።

ለመክሳትም ቢሆን ብርቱካን ይረዳል፤ የሚረዳው ግን የሌላውን ምግብ ቦታ ሲይዝ ነው። አንድ መካከለኛ ብርቱካን ያለው ከ60 እስከ 70 ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ ውሃውና አሰሩ ሆድን ያጠግባል። ከሻይ ጋር የለመደውን ኬክ ትቶ ብርቱካን የበላ ሰው በእርግጥ አተረፈ፤ ኬኩን በልቶ ብርቱካን የጨመረ ግን በሸክም ላይ ሸክም አከለ። ጭማቂውም እንደ ፍሬው አይደለም። አንድ ብርጭቆ ለመሙላት ሦስት ያህል ብርቱካን ይጨመቃል፤ አብዛኛው አሰር ይጣልና ስኳሩ ይጠጣል።

ጥንቃቄም ያሻል። ሎሚ አዘውትሮ መምጠጥ የጥርስን የላይኛ ሽፋን ይሸረሽራል። ግሬፕ ፍሩትም ከአንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኀኒቶች ጋር ስለማይስማማ፣ መድኀኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን የሃምሳ ሥራ ሸክም በአንዲት ሎሚ ላይ ጭነናል። ወጣቶች ሆይ፣ ብርቱካኑን ልጠን እንብላ፤ ከቢሮ ወደ ቤት በእግራችን እንሂድ፤ የሻይ ስኳራችንን እንቀንስ፤ ራታችንን በልክ እናድርግ። ያን ጊዜ ሎሚዋም የድርሻዋን ትሠራለች።